ከፌርፋክስ ወደ ቁርባን በእግር

ይህን ጉዞ የተጓዝኩት ለመቁረብ ነው። በሃያ ስምንት ዓመቴ፣ አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ፣ በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ከምንኖርባት አንድ ክፍል አፓርታማ ተነስቼ ሥጋ ወደሙ ልቀበል ሄድኩ። አንባቢ እንዳይታዘበኝ አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብኩት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። በእኛ ዘንድ ሕፃናት ይቆርባሉ፣ ሽማግሌዎችም ይቆርባሉ። መሐል ላይ ያለነው ጎረምሶች ግን ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ተደግፈን ቅዳሴው እስኪያልቅ እንጠብቃለን። «ገና ነኝ፣ ሳገባ ይደርሳል» እንላለን። እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ገና ነኝ» ስል ኖሬአለሁ።

የቀሰቀሰችኝ አንዲት አሮጊት በሽተኛ ናት። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሳንታ ሞኒካ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ለበሽተኞች ምግብ አመላልሳለሁ። አንድ ቀን ሾርባዋን ሳቀርብላት «ክርስቲያን ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሞልቼ መለስኩላት። ስለ አገሬ ክርስትና ጥንታዊነት፣ ከአለት ስለ ተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ ስለ ጾማችን ብዛት ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና «አንተስ? አንተና እግዚአብሔር እንዴት ናችሁ?» አለችኝ። ትሪውን ይዤ ወጣሁ። በጣም አፈርኩ።

በዚያን ጊዜ በከተማው የእኛ የምንለው ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም። አባ ወልደ ሰንበት የሚባሉ መነኩሴ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው ዌስትቼስተር፣ እትዬ አሰለፈች ቤት እንዳረፉ የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። እትዬ አሰለፈች ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉ፣ የተማሪ ሁሉ እናት የሆኑ ሴት ናቸው። አባ በእሁዱ ከመሐል ከተማ ወዲያ ባለው የግብፆች ቤተ ክርስቲያን ከካህናቱ ጋር ሊቀድሱ፣ ማክሰኞ ደግሞ ወደ አገር ቤት ሊሳፈሩ ነበር። ስለዚህ ያለኝ አንድ እሁድ ብቻ ነው። ቅዳሜ ንስሐ እገባለሁ፣ እሁድ እቆርባለሁ ብዬ ቆረጥኩ። በዚያ ላይ ከራሴ አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በእግሬ እሄዳለሁ አልኩ። ከቤታችን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የራቀ ሰው በመኪና ተንደላቆ መመለሱ ለእኔ ነውር መሰለኝ።

አብሮኝ የሚኖረው ታደለ ሥነ ሕንፃ የሚያጠና፣ የእሁድ የተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የማያመልጠው፣ በእግዚአብሔር አላምንም የሚል ጓደኛዬ ነው። ስነግረው ሳቀ።

«ሶ፣ በእግርህ? እዚህ አገር በእግሩ የሚሄደው መኪናው የተሰረቀበት ሰው ብቻ ነው እኮ።»

«ወስኛለሁ አልኩህ።»

«ኦኬ፣ ጓድ መነኩሴ። እኔ በቮልስዋገኔ ድራይቭ ላደርግህ ብዬ ነበር። በኋላ እንዳትወቅሰኝ።»

ቅዳሜ፣ ዌስትቼስተር

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሩብ ዶላር ከፍዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መስመሩ ወደ ደቡብ ሲወርድ በግራና በቀኝ ባሉት ኮረብቶች ላይ የነዳጅ መሳቢያ ማሽኖች ወደ መሬት እያጎነበሱ ይነሣሉ። ሌላ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይኔ ከያዝኩት ወረቀት ላይ አልተነሣም። ኃጢአቴን በቁጥር ጽፌው ነበር። አንድ ገጽ ተኩል ሆኗል፤ ሁለት ጊዜ ገልብጬ፣ የተሰረዘውን አስተካክዬ፣ አማርኛውንም አሳምሬዋለሁ።

ዌስትቼስተር ስደርስ አውሮፕላኖቹ የቤቶቹን ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። እትዬ አሰለፈች በሩን ከፈቱልኝና ስመውኝ ወደ ጓዳ ገቡ። አባ ወልደ ሰንበት አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ተንበርክኬ መስቀላቸውን ተሳለምኩና ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቆም እያልኩ ድምፁ ሲርቅ እቀጥላለሁ።

ቁጥር ዘጠኝ ላይ ስደርስ «ስንት ቀረህ?» አሉኝ።

«አምስት፣ አባ።»

«ጥሩ፣ ጨርስ።»

ጨረስኩ። «ሌላስ?» አሉኝ። «ሌላ የለም» አልኩ። እስከ ምሽት ሃምሳ ጊዜ እንድሰግድ አዘዙኝ። ቀጥለውም «ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እህል ቀርቶ ጠብታ ውሃ እንዳትቀምስ። ደካክመህም እንዳትመጣ፤ በመኪና ና» አሉኝ።

እትዬ አሰለፈች ከጓዳ ሰምተው ኖሮ «የእህቴ ልጅ በመኪናው መጥቶ ፒክ አፕ ያደርግሃል፣ እኔ እነግረዋለሁ» አሉ።

«አይ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በእግሬ ነው የምመጣው።»

አባ ደኅና በሆነው ዓይናቸው ትኩር ብለው አዩኝ። «ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም፣ አባ። ራሴ ነኝ።»

«ራስህ» አሉና መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ነገሩ ብዙም አልከነከነኝም። እንዲያውም ሲያዩኝ ያደነቁኝ መስሎኝ ነበር። ወደ ቤት ተመልሼ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ምሳ በላሁ፤ ቀይ ምስርና ከፌርፋክሱ የአይሁድ ዳቦ ቤት የገዛሁትን ዳቦ። የአይሁድ ዳቦ ቤት ለእኛ ለጾመኞች ትልቅ ውለታ ውሎልናል። ሥጋና ወተት አብረው ስለማይበሉ ወተትም ቅቤም በሌለው ዳቦ ላይ ምልክት ያደርጉበታል። ይህን ለተማሪው ሁሉ ያስተማሩት እትዬ አሰለፈች ናቸው። የሚቸግረው ቅዳሜ መዘጋታቸው ነው፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የገዛ ገዛ ነው። ሃምሳውን ስግደት ጨርሼ፣ ታደለ ራዲዮኑን ቀንሶልኝ፣ በጊዜ ተኛሁ።

እሁድ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

ነጠላዬን በከረጢት ይዤ ወጣሁ። የፌርፋክስ ሱቆች ሁሉ ዝግ ናቸው፤ አንድ ሰውዬ ብቻ ውሻ ያንሸራሽራል። ከዊልሸር ጎዳና ስደርስ ወደ ምሥራቅ ታጠፍኩ። ከዚያ በኋላ መንገዱ አንድ ነው፤ ሳይጠመዘዝ መሐል ከተማ ድረስ ይዘልቃል።

ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ሬንጅ ከመሬት የሚፈልቅበት ኩሬ አለ። ጥንት በሬንጁ ተይዘው ለሞቱት ዝሆኖች መታሰቢያ ኩሬው ውስጥ ምስላቸውን አቁመዋል። አንዷ እየሰጠመች ባሏና ልጇ ዳር ቆመው ያያሉ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ቀጥሎ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሕንፃ፣ የልብስ መደብሮች፣ በመስታወቱ ውስጥ ባዶ ዓይናቸውን ያፈጠጡ አሻንጉሊቶች። ስሄድ ዳዊት እደግማለሁ። እግሬ ቀሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ራሴን ወድጄዋለሁ። በዚህ ሁሉ ከተማ በዚህ ሰዓት ለእግዚአብሔር ብሎ በእግሩ የሚሄድ ከእኔ በቀር ማን አለ እያልኩ ነበር የምራመደው።

የሀብታሞቹ ሰፈር ስደርስ የፖሊስ መኪና አጠገቤ ቆመ። ወጣት ፖሊስ ነው፣ ጨዋ።

«መኪናህ ተበላሸብህ?» አለኝ።

«አይ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ነው።»

«የትኛው?»

አድራሻውን ነገርኩት። ዓይኑን ጎዳናው ላይ አዟዟረ። «ያ እኮ ከመሐል ከተማ ወዲያ ነው። እዚሁ መንገድ ላይ አምስት ስድስት ቤተ ክርስቲያን አለልህ፤ አንዱ ጋ ግባ» አለኝ። ከልቡ ነው የመከረኝ። አመስግኜው መንገዴን ቀጠልኩ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ኩሬ ያለበት መናፈሻ

ከነጋ በኋላ ከበረሃው በኩል ደረቅ ነፋስ ተነሣ። ሎስ አንጀለስ የኖረ ያውቀዋል፤ ከንፈር ያሰነጥቃል፣ ጉሮሮ ውስጥ አቧራ ይሞላል። የኮሪያውያኑ ሱቆች ያሉበትን ሰፈር ሳልፍ ዳዊቱን በቃሌ መድገም አቃተኝ፤ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቅ ጀመር። የግራ ጫማዬም ተረከዜን ላጠው። ወደ ኋላ መመለስ ግን በሐሳቤ አልመጣም፤ እልህ ውስጥ ገብቻለሁ።

ዊልሸር መሐሉን የሚያቋርጠው ትልቅ መናፈሻ ውስጥ የሕዝብ መጠጫ ቧንቧ አለ። አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ጠጥተው ሲጨርሱ አዩኝና ቁልፉን እንደ ተጫኑ በእጃቸው «ጠጣ» አሉኝ። ውሃው ወደ ላይ ይፈልቃል። ጎንበስ ብዬ ጠጣሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጉንጭ። ሽማግሌውን አመሰገንኩ፣ አፌን በእጄ ጀርባ ጠረግኩ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ኩሬው ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ማስመለስ ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ። ማልቀስም ቃጣኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ፣ አባ ማክሰኞ ሊሄዱ፣ በሦስት ጉንጭ ውሃ! ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ መጣ። ሳላውቅ ነው የጠጣሁት። ማን አየኝ? ሽማግሌው ስለ እኛ ቁርባን ምን ያውቃሉ? መንገዱስ፣ የተላጠው ተረከዜስ፣ ያ ሁሉ አይቆጠርም? እንዲህ እንዲህ እያልኩ እግዚአብሔርን ተከራከርኩት።

ሁለት መንገድ ነበረኝ፤ ወደ ቤት መመለስ ወይም መቀጠል። መመለስ ቀላሉ ነበር፤ ማንንም ዓይን ለዓይን አላይም። ተነሣሁና ወደ ምሥራቅ ሄድኩ። እደርሳለሁ፣ ይህ ተቆርጧል አልኩ። እዚያ ስደርስ ምን እንደምል ግን አላወቅኩም። ከመናፈሻው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ከሁሉ የረዘመው ነው። የመኪና መንገዱን ድልድይ፣ የመሐል ከተማውን ፎቆች፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትን መጋዘኖች አልፌአለሁ፤ አንዱንም በቅጡ አላስታውስ።

ሦስት ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ

ግብፆቹ አሮጌ አዳራሽ ገዝተው ነው ቤተ ክርስቲያን ያደረጉት። በር ላይ ታደለ ቮልስዋገኑን ተደግፎ ቆሟል። «መጣህ? ወድቀህ እንደሆነ ላነሳህ ነበር የመጣሁት» አለኝ እየሳቀ። ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ።

አባ ከመቅደሱ ጎን ባለች ክፍል ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ሊገቡ ሲሉ አገኘኋቸው። መስቀሉን አሳለሙኝና «ተዘጋጅተሃል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም። እሳቸውም ወደ መቅደስ ገቡ፣ መጋረጃው ተዘጋ።

ቅዳሴው በዐረብኛና በቅብጥ ነው፤ አባ ሲደርሳቸው በግእዝ ይላሉ። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ቆመናል። እትዬ አሰለፈች ከወዲያኛው ረድፍ ሲያዩኝ በደስታ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። ሰላምታ የምንለዋወጥበት ጊዜ ሲደርስ ጎኔ የቆመው ግብፃዊ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። ፊቱ በራ። እኔ ግን ላየው አልቻልኩም። ትናንት ያነበብኳቸው አሥራ አራት ቁጥሮች አንዳቸውም እንዲህ አላስጨነቁኝም። እነሱ ያለፉ ናቸው፤ ይህኛው ግን እዚሁ፣ በቁሜ፣ አሁን የምሠራው ነው።

ለመቁረብ ሰልፍ ያዝን። ፊት ሕፃናቱ፣ ከዚያ ወንዶቹ። ለአባ እንግዳ ስለሆኑ ክብር ሰጥተዋቸው ሥጋውን የሚያቀብሉት እሳቸው ናቸው። ከፊቴ አምስት ሰው ነበር፣ ሦስት ሆነ፣ አንድ ሆነ። ዞሬ ልውጣ ብል ኋላዬ ሰው ሞልቷል። ደረስኩ። አባ እጃቸውን አነሡ።

«አባ፣ ውሃ ጠጥቻለሁ።»

እጃቸው ባለበት ቆመ። «መቼ?»

«ጠዋት፣ መንገድ ላይ። ረስቼ ነው።»

«ቅድም ጠይቄህ ነበር።»

«ዋሸሁዎት።»

ፊታቸው አልተለወጠም። በአገጫቸው ወደ ምሰሶው አመለከቱኝና ዝግ ብለው «እዚያ ቁም» አሉ። ሦስት እርምጃ ናት። ሕዝቡ ፊት፣ ባዶ እግሬን፣ ተረከዜ እየደማ፣ ምሰሶው ሥር ቆምኩ። ሕፃናቱ ያዩኛል። እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሰልፉ በፊቴ አለፈ፤ የቆረበ ሁሉ አፉን በነጠላው ወይም በመሀረብ ሸፍኖ ይመለሳል። መጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ቆምኩ። የትም መሄድ አልፈለግኩም። ፊቴ ይቃጠላል፤ ደረቴ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የተከፈተ ያህል ቀለለኝ። እግዚአብሔር ቅርቤ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው፣ ሳልቆርብ።

ሕዝቡ ሲበተን አባ ጠሩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ትናንት አንብበህልኝ ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ተናዘዝክ።»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሡኝና ወደ ተረከዜ አዩ።

«ይህን መንገድ ለማን ሄድከው?»

ለእግዚአብሔር ልል ነበር። «ለራሴ ሳይሆን አይቀርም፣ አባ» አልኩ።

«በል እንግዲህ። ለግብፁ ቄስ እነግራቸዋለሁ፤ በሚመጣው እሁድ እሳቸው ያቆርቡሃል። አሁን የምልህን ስማ። በየቀኑ ማታ፣ ሳትጽፍ፣ ሳታሳምር፣ የዋልከውን ለእግዚአብሔር ንገረው። ስትመጣ ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ ተሳፍረህ ና።»

ወደ ፌርፋክስ

ታደለ በቮልስዋገኑ መለሰኝ። በመስኮት ሆኖ ሁሉንም አይቷል። ዊልሸር ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ማንም እኮ አላየህም። ሦስት ጉንጭ ውሃ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?»

«እግዚአብሔር።»

«እሺ፣ እሱ አለ እንበል። ውሃዋን እንደሆነ ቀድሞ አይቶሃል። ሶ፣ መናገሩ ምን ጨመረለት?»

«ለእሱ ምንም አልጨመረለትም። እኔ ነኝ እስከዛሬ ፊቱ ቆሜ የማላውቀው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ታደለ «ቤት ስንገባ ተረከዝህን ታጠበው» ብሎ ነዳ። ቤት ገብተን ተረከዜን በሙቅ ውሃ አጠብኩና ተኛሁ።

በዚያ ሳምንት በየማታው አባ እንዳሉኝ አደረግኩ። መጀመሪያ ላይ የምለው ይጠፋብኝ ነበር። ሰኞ ዕለት የተናገርኩት «ዛሬ በሰው ላይ ጮህኩ» የሚል ብቻ ነው። ሐሙስ ግን ሳላውቀው ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ያ ጉዞ ያስተማረኝ ይህን ነው። ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ ሰው ብርቱ መሆን አለበት ብዬ አስብ ነበር፤ ብርታትም ይጠይቃል፣ አልክድም። ዳሩ ግን ብርታቱ የሚያስፈልገው ለእግር አይደለም። ምሰሶው ሥር ለመቆም ነው።

በቀጣዩ እሁድ ሩብ ዶላሬን ከፍዬ፣ አፌን ገጥሜ፣ አውቶቡስ ወንበር ላይ እንደ ሰው ሁሉ ተቀምጬ ሄድኩ። ቆረብኩ። ምን እንደተሰማኝ ብጽፍ ማሳመር ይሆንብኛል፤ አለቀስኩ፣ ይበቃል። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ወጥቼ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ላመራ ስል ቮልስዋገኑ በር ላይ ቆሟል። የማኅበሩ ስብሰባ ቀን ነበር፤ ታደለ ስብሰባውን ትቶ ነው የመጣው። ከመኪናው ወርዶ በሩን ከፈተልኝ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

«የቆረበ ሰው በእግሩ አይሄድም» አለ። «እናቴ ስትል ሰምቻለሁ። ግባ።»

ገባሁ።